የአባት ጠመንጃ ሲያርፍ፦ በሰሜን ሸዋ በአንድ ቤት የቆዩ ሦስት ጥንታዊ ጠመንጃዎች የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ፣ በተጉለት በኩል ባለች አንዲት መንደር፣ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የወረዱ ሦስት ጥንታዊ ጠመንጃዎች ዳግመኛ እንዳይተኩሱ ሆነው ለቅርስነት የተቀመጡበትን ሂደት ይተርካል። ከሦስቱ አንዱ ተበላሽቷል፤ ሁለቱ ድነዋል። የተበላሸው ጠመንጃ የተበላሸው በክፋት ወይም በንቀት አይደለም። ሕግ ለማክበር በቆረጠና ቤተሰቡን ከልቡ በሚወድ ወጣት እጅ ነው፤ ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። በመንዝም፣ በቡልጋም፣ በጅሩም እንዲህ ያለ ጠመንጃ በግድግዳው ላይ የሰቀለ፣ ምን እንደሚያደርገው ግን የቸገረው ቤተሰብ ጥቂት አይደለምና።

እኔ በደብረ ብርሃን ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት የሟቹን ሴት ልጅ አስተምሬያት ስለነበረና ምክር ፈልጋ ቤቴ ድረስ ስለመጣች ነው። በዚያን ጊዜ አንደኛው ጠመንጃ ተበይዶ አልቆ ነበር።

ቤቱና ጠመንጃዎቹ

የቤቱ ጌታ ያረፉት በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አባታቸው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ከመሯቸው አርበኞች ጋር ዱር ቤቴ ብለው የቆዩ ሰው ነበሩ። አርባቸው ወጥቶ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ወራሾቹ ስለ መሬቱና ስለ ከብቱ ሲነጋገሩ፣ ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ። ዝም ያሉት ወደ ግድግዳው ሲያዩ ነው። ከምድጃው በስተቀኝ፣ በሦስት የእንጨት ኩላብ ላይ፣ አንድ ውጅግራ፣ አንድ ምንሽር፣ ከእነርሱም በላይ ከአፈሙዙ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ አንድ ረጅም አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅለዋል። አጠገባቸውም ቆዳው የደረቀ ዝናር ነበር። የመያዣ ወረቀት የነበረው ምንሽሩ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በሟቹ ስም የወጣ ነው።

ታላቅየው ልጅ ገበሬ ነው፤ ጠመንጃዎቹ ከተሰቀሉበት እንዳይነኩ ፈለገ። ሴቷ ልጅ ነርስ ናት፤ የአያቷን ጠመንጃዎች፣ ጎራዴያቸውን፣ ለምዳቸውንና ፎቶግራፋቸውን በአንድ ክፍል ሰብስባ፣ የልጅ ልጅ እየገባ የሚያየው የቤተሰብ ስብስብ ለማድረግ ታስብ ነበር። ታናሽየው በደብረ ብርሃን የብየዳ ቤት አለው። እርሱን ያስጨነቀው ሕጉ ነበር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ምን እንደሚያስከትል በየስብሰባው ሰምቷል፤ «የማይተኩስ ብረት ግን መሣሪያ አይደለም» የሚል አሳብም በራሱ ያዘ።

በዚህ ቤት ላይ ሁለት ሕጎች በአንድ ጊዜ እንደሚሠሩ ያስተዋለ አልነበረም። አንደኛው የመሣሪያው አዋጅ ነው። ሁለተኛው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ይህ አዋጅ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግበው፣ በወጪው እንዲንከባከበው፣ ጥገናም ቢያስፈልገው ባለሥልጣኑን ሳያስፈቅድ እንዳይነካው ያዛል። የመጀመሪያው ሕግ ጠመንጃውን ያለ ፈቃድ አትያዘው ሲል፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ እንዳትነካው ይላል። ቤተሰቡ ሁለቱንም ለማክበር የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ለፖሊስና ለባህል ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ፣ ከዚያ በኋላ ሥራውን መጀመር። ነገሩ የተጀመረው ከመጨረሻው ነው።

ምንሽሩ

ተዝካሩ ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሽየው ምንሽሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰደው። መሣሪያን ፖሊስ ሳያውቅ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ራሱ ስሕተት ነበር፤ ይህን በኋላ ራሱ ለፖሊስ በጽሑፍ አምኗል። በብየዳ ቤቱ መዝጊያውን ስቦ ውስጡ ባዶ መሆኑን አየ፤ ጠመንጃውን በሞርሳ አሰረው፤ የአፈሙዙን ቀዳዳ በኤሌክትሮድ ደፈነ፤ መዝጊያውንም ከገላው ጋር በየደው። ብየዳው ሲቀዘቅዝ እብጠቱን በግራይንደር አስተካከለ። ብረቱ ወጣ ገባ ሆኖ ስላላማረው የላይኛውን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈግፍጎ፣ ጥቁር ቀለም ነፋበት። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ጠመንጃው ወደ እኔ ሲመጣ ከሩቅ አዲስ ይመስል ነበር። በጣቴ ስዳስሰው ግን ከጥይት ማረፊያው በላይ ያለው ብረት እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ሆኗል። ስንዝር ያህል እንጨቱም ከብየዳው ሙቀት የተነሣ ከስሎ፣ ስነካው ጥቁር ዱቄት በእጄ ላይ ቀረ። እዚያ ልሙጥ ቦታ ላይ መኖር የነበረበትን አውቅ ስለነበር፣ ለጥቂት ጊዜ ቃል አልወጣኝም።

ምንሽር የምንለው ጠመንጃ የኢጣልያ ጦር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 የተቀበለው፣ ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር የሆነውን ቀጭን ጥይት የሚተኩስ፣ በአንድ ማቀፊያ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። የማቀፊያው አሠራር ማንሊከር ከተባለው የኦስትሪያ መሐንዲስ የተወሰደ በመሆኑ፣ ያ ስም በአገራችን አፍ ምንሽር ሆኖ ቀረ። የኢጣልያ ፋብሪካዎች፣ ተርኒም ሆነ ብሬሻ፣ የፋብሪካውን ስምና የተሠራበትን ዓመት በጥይት ማረፊያው አካባቢ በአፈሙዙ ሥር ይመቱበታል። ቤተሰቡ ጠመንጃው በ1930 ዓ.ም. ክረምት ከጠላት የተማረከ ነው ብሎ ያምናል። በብረቱ ላይ የተመታው ዓመት ያን እምነት ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው የሚችል፣ የማይዋሽ ምስክር ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 በፊት የሆነ ዓመት ቢገኝበት ታሪኩ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ የሆነ ቢገኝበት ደግሞ ማራኪው ሌላ ሰው፣ ጊዜውም ሌላ ጊዜ መሆኑን ማሰብ ግድ ይሆን ነበር። አሁን የቀረው ማስረጃ አንድ ፎቶግራፍ ነው። በተዝካሩ ቀን አንድ የእንግዳ ልጅ በስልኩ ሲያነሣ፣ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ምንሽሩ በግድግዳው ላይ ይታያል፤ ምስሉን ባሰፋሁት ቁጥር ግን ፊደሉ ወደ ጉም ይለወጣል።

ነገሩን የባሰ ያደረገው፣ ይህ ሁሉ ጥፋት የታሰበውን ውጤት አለማስገኘቱ ነው። ቆይቶ ጠመንጃውን የመረመረው የፖሊስ የመሣሪያ ቴክኒሺያን እንዳስረዳን፣ አፈሙዝን መድፈን ጠመንጃን ማምከን አይደለም። ብየዳው ወደ ውስጥ የገባው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጥይቱ የሚያርፍበትና ግፊቱን የሚሸከመው ክፍል እንዳለ ነበር። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሞኝ እጅ ገብቶ፣ የመዝጊያው ብየዳ ተፈልቅቆ ጥይት ቢጎርስ የሚፈነዳው በያዘው ሰው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ በሕጉ ዓይን ገና መሣሪያ ነበር፤ በታሪክ ዓይን ግን ግማሹ ጠፍቶ ነበር።

ወጣቱን ማንም አልወቀሰውም፤ እኔም አልወቀስሁትም። የሚወቀስ ነገር ካለ፣ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የት ሄዶ እንደሚጠይቅ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለ ቃሉ

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ለፖሊስ ጣቢያና ለባህል ጽሕፈት ቤት ስለ ሦስቱም ጠመንጃዎች አስታወቀ፤ የተፈጸመውም ሳይደበቅ ተጻፈ። ማመልከቻውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ በውስጡም «ጠመንጃዎቹ መክነው በቅርስነት እንዲያዙ» የሚል ሐረግ አስገብቼ ነበር። ፈንጂን ማምከን፣ ቦምብን ማምከን የሚባለው አነጋገር ስለ ለመደብኝ ቃሉን አልመረመርሁትም።

ማመልከቻውን ለቤተሰቡ ሳነብ፣ የሟቹ ታላቅ እህት እማሆይ ከመደቡ ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ይሰማል። እዚያ ሐረግ ላይ ስደርስ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ።

«ምን አልህ ልጄ? የአባቴን ብረት መካን ልታደርጉት ነው?»

ቃሉ የመንግሥት ቃል መሆኑን፣ ትርጉሙም እንዳይተኩስ ማድረግ ብቻ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርሁ። «መካንማ ያልወለደ ነው» አሉ እማሆይ። «ይህ ብረት አምስት ዓመት ሙሉ አገልግሏል። ምን አጉድሎ ነው እንዲህ የሚባለው?» ታላቅየው ልጅ፣ ቀድሞም ጠመንጃዎቹ እንዳይነኩ የፈለገው፣ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የነበረው የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በሸዋ ጠመንጃ በቤት ውስጥ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል የሚቆጠር ነገር ነው። ሰው ሲሞት ከሬሳው ጋር ለቅሶ ይወጣል፤ በጥምቀት ታቦት ያጅባል፤ ለበኩር ልጅም በአደራ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ለመበየጃና ለመሰርሰሪያ አሳልፎ መስጠት ለቤተሰቡ ከባድ ነው፤ የሚቀልለትም ለድርጊቱ የሚመጥን ስም ሲገኝ ነው።

ስሙን ያገኙት እማሆይ ራሳቸው ናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «አባቴም አርፏል፣ ወንድሜም አርፏል፤ እንግዲህ ብረቱም ይረፍ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ «ማሳረፍ» እንጂ «ማምከን» የሚል አልነበረም። ለፖሊስ የገባው ወረቀት ሕጉ የሚያውቀውን ቃል እንደያዘ ቀረ፤ የቤተሰቡ መዝገብና በየጠመንጃው የተንጠለጠለው ካርድ ግን «ያረፈ» ይላል። ታላቅየው ልጅም ከዚህ በኋላ አልተቃወመም። እንዲህ ያለ ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ከመሰርሰሪያው በፊት ስለ ቃሉ ከቤቱ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገር።

ከአፈሙዙ የሚጎርሰው

ሦስተኛው ጠመንጃ በመልክ ከሁሉ የሚያንስ፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጥ ነበር። በባሩድና በእርሳስ ከፊት የሚጎርስ፣ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ወርዶ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሿን ከፕሱል የሚመታ ዓይነት ነው። እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች የአውሮፓ ጦሮች ከኋላ የሚጎርሰውን ሲይዙ በርካሽ ተሽጠው፣ በታጁራ በኩል በግመል እየተጫኑ ወደ ሸዋ ይገቡ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ጭነት ይዞ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሸዋ የተሻለ ጠመንጃ አይቶ ስለነበር፣ ነጋዴው እንዳሰበው አልተጠቀመበትም። ይህኛው ጠመንጃ ከየትኛው ሲራራ ነጋዴ እንደተገዛ የሚናገር ምልክት በላዩ የለም፤ በመዝገቡም ላይ የተጻፈው የሚታየው ብቻ ነው።

ቤተሰቡ ይህን ጠመንጃ እንደ ዱላ ይቆጥረው ነበር። ልጆች ተጫውተውበታል። «ለእርሱ እንኳ ምንም አያስፈልገውም» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ማንኛውም ከፊት የሚጎርስ ጠመንጃ በመጀመሪያ መለካት እንዳለበት አውቅ ነበርና ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ አስመጣሁ። ጠመንጃውን በመደብ ላይ አጋድመን፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዙረን፣ ከጎን ቆሜ ዘንጉን ቀስ አድርጌ እስኪቆም አስገባሁት። በአፈሙዙ ጠርዝ ላይ በጥፍሬ ምልክት አደረግሁና አወጣሁት። ከዚያ ዘንጉን በጠመንጃው ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ አፍ ለአፍ አድርጌ ዘረጋሁት። ባዶ ቢሆን ኖሮ የዘንጉ ጫፍ ከፕሱሉ እስከሚገጠምበት ቦታ መድረስ ነበረበት። አራት ጣት ያህል ጎደለው።

ሁለተኛ ጊዜ ለካሁ፤ ያው አራት ጣት ነው። ጠመንጃው ጎርሷል ማለት ነው።

ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው ዘመን አይሽረውም። ቤቱ ሁልጊዜ ጭስ የሚጨስበት፣ ጠመንጃውም ከምድጃው አጠገብ የተሰቀለ በመሆኑ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ደርቆ ኖሯል። እማሆይ ከአባታቸው በኋላ ማንም እንዳልተኮሰበት እርግጠኛ ነበሩ፤ ስለዚህ ያጎረሱት አባታቸው መሆን አለባቸው። ልጆቹን ከቤት አስወጣን፤ ጠመንጃው በጓዳ ተቆለፈበት፤ ለፖሊስም ተደወለ። ይህ ጠመንጃ ያለ ምርመራ ወደ ብየዳ ቤት ሄዶ ቢሆን ኖሮ የኤሌክትሮዱ ሙቀት ምን ያደርግ እንደነበር ለታናሽየው መንገር አላስፈለገም። በሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አየሁት።

ቴክኒሺያኑ በሦስተኛው ቀን መጣ። አፈሙዙን ወደ ላይ አቁሞ ውኃ ሞላበት፤ ባሩዱ እንዲሟሟ ሌሊቱን አሳደረው፤ በማግስቱም ጫፉ እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ዘንግ የጎረሰውን ሁሉ እየጎተተ አወጣው። መጀመሪያ የወጣው የተጠቀለለ የሸማ ቁራጭ ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ አመድማ የሆነች ድብልብል እርሳስ ወጣች፤ በመጨረሻም እንደ ጭቃ የጠቆረ ባሩድ በሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ባሩዱ ተወገደ። እርሳሷና የሸማው ቁራጭ ግን በብልቃጥ ሆነው በስብስቡ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከጠመንጃው ይልቅ የሚያስገርመኝ ያ ቁራጭ ሸማ ነው። ጠርዙ ላይ ቀጭን የጥለት ክር አለበት። ሰውየው ከራሳቸው ልብስ ቀደው ይሆናል ያጎረሱት።

ጠመንጃው ባዶ ከሆነ በኋላ ማሳረፉ ቀላል ነበር። የከፕሱሉ ጡት ተፈትቶ እሳቱ የሚገባበት ቀዳዳ ተደፈነ፤ ባሩዱ የሚያርፍበትም ቦታ ከውስጥ በብረት ተሞላ። ከውጭ ለሚያየው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በዝናሩ ውስጥ የነበሩት ሰባት ያረጁ ጥይቶችም በዚያው ቀን ለፖሊስ ተላልፈዋል።

ውጅግራው

ቤተሰቡ ከሁሉ የሚያከብረው ውጅግራውን ነው፤ ብዙ የተመከረውም በእርሱ ላይ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ»፣ የግራ ጠመንጃ፣ የሚሉት ይህ ጠመንጃ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1874 ሥራ ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ ያህል፣ ክብደቱ ከአራት ኪሎ በላይ ሲሆን፣ አሥራ አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥይቱን አንድ በአንድ ይጎርሳል። ፈረንሳይ በዚሁ አቆጣጠር በ1886 ለበል የተባለውን ጭስ አልባ ጠመንጃ ስትቀበል ውጅግራው ለገበያ ወጣ፤ በጅቡቲ በኩልም ወደ እኛ ጎረፈ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተተኮሱት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች አንዱ እርሱ ነው። የበልጅግን ጠመንጃ በልጅግ፣ የስናይደርን ሰናድር እያለ ሁሉንም የራሱ እንዳደረገ ሁሉ፣ የፉዚ ግራንም ስም በአፉ አላምጦ ውጅግራ ያደረገው ይኸው የእኛ ሕዝብ ነው።

ከመነካቱ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ስንመዘግበው ዋልን። ማስመሪያ ከጎኑ አድርገን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አነሣነው። ብረቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ደግሞ ስስ ወረቀት አልብሰን በእርሳስ በማሸት ገለበጥነው፤ ያኔ ጥላሸት የሸፈነው «ማኑፋክቱር ዳርም ሴንት ኤቲየን» የሚለው የፈረንሳይኛ ፊደል ቀስ በቀስ በወረቀቱ ላይ ወጣ። በአፈሙዙ ጎን 1878 የሚል ዓመት ተገኘ። ታናሽየው ይህን ሲያይ ምንሽሩ ላይ ምን እንዳጠፋ የዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተረዳ ይመስለኛል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየ።

እንጨቱ ከብረቱ የበለጠ ይናገራል። ሰደፉ ከገላው ጋር የሚጋጠምበት ቀጭን ቦታ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ፣ በጥሬ የበሬ ቆዳ ተጠግኗል። ጠጋኙ ቆዳውን እርጥብ ሳለ ዙሪያውን አልብሶ፣ በግራ ጎኑ በጅማት ሰፍቶታል፤ ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ጨብጦታል። ጅማቱ ሃያ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፤ አንዱም ስፌት አልላላም። ከቆዳው በታች በቢላ ጫፍ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል አለች። የአውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆዳው ከመታሸት ብዛት እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል።

ይህን ጠመንጃ እንዴት እናሳርፈው በሚለው ላይ ሦስት አሳብ ቀረበ። አንደኛው፣ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ስለሆነ ምንም ሳይነካ ይቀመጥ የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ጥይታቸው የተቋረጠ አሮጌ ጠመንጃዎች ለጌጥና ለማስታወሻ ብቻ ከተያዙ ሳይመክኑ እንዲቆዩ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህ ግን የዚያ አገር ሕግ ነው፤ እኛ ዘንድ ፖሊስ የሚጠይቀው ጠመንጃው መተኮስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው። ሁለተኛው አሳብ የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለውን ጥብቅ ደንብ የሚመስል ነበር፤ አፈሙዙን በርዝመቱ መሰንጠቅ፣ የጥይት ማረፊያውን በጠንካራ ብረት ሞልቶ መበየድ፣ መዝጊያውንም ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ። ይህ አስተማማኝ ነው፤ ውጅግራውን ግን የምንሽሩ ወንድም ያደርገዋል። በእንግሊዝ አገር ሰብሳቢዎች በዚሁ አቆጣጠር ከ1995 በፊት በቀድሞው ደረጃ የመከነ ጠመንጃ በብርቱ ይፈልጉ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ደረጃ የተሠራው መዝጊያው ይሳባል፣ ምላጩም ይሠራል፤ ሰው አሠራሩን በእጁ ሊማርበት ይችላል።

ሦስተኛውን አሳብ ያመጣው ቴክኒሺያኑ ነው፤ የተወሰነውም እርሱ ነው። የጥይቱ መምቻ መርፌ ከመዝጊያው ውስጥ ወጥቶ በደረሰኝ ለፖሊስ ተሰጠ። ጠመንጃው ከእንጨቱ ተፈታ፤ የጥይት ማረፊያው ከሥሩ፣ እንጨቱ በሚሸፍነው በኩል ተበስቶ፣ ወፍራም የብረት ካስማ ወደ ውስጥ ተሻግሮ ገባና በዚያው ተበየደ። ከእንግዲህ ጥይት ሊጎርስ አይችልም። እንጨቱ ተመልሶ ሲገጠም ግን ካስማውም ብየዳውም ከዓይን ተሰወሩ፤ ጽሑፉ፣ ዓመቱ፣ ቆዳው፣ መስቀሏ ሁሉም በቦታቸው ቀሩ። መዝጊያውን ስቦ መመለስ ይቻላል፤ ድምፁም ያው የድሮው ድምፅ ነው። ብየዳውን የሠራው፣ ቴክኒሺያኑ በአጠገቡ ቆሞ፣ ታናሽየው ነው። እጁ የተካነ መሆኑን አስቀድሜም አውቅ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን እርጥብ ጨርቅ በቆዳው ዙሪያ ጠምጥሞ፣ ለአፍታ በይዶ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ እንደገና ለአፍታ እየበየደ ሲሠራ፣ የተጠየቀው ሁሉ ከመጀመሪያ ቢነገረው ኖሮ ምንሽሩም በዚሁ እጅ ይድን እንደነበር እያሰብሁ ነበር።

አቀማመጡ

ክፍሉ አሁን ተዘጋጅቷል። ጠመንጃዎቹ ከምድጃው ርቀው፣ በፊት የነበሩባቸው ኩላቦች ከግድግዳው ተነቅለው በአዲሱ ክፍል ተተክለው፣ በእነርሱ ላይ ተሰቅለዋል። በክረምት ከቆላው የሚወጣው ጭጋግ ብረትን ስለሚያዝግ፣ በወር አንድ ጊዜ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ዘይት በስሱ በነካው ጨርቅ ይታሻሉ። ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካቸው ተከልክሏል፤ ዝገቱ ሲፈገፈግ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳልና። በእንጨቱ ላይ ያለው የቅቤና የእጅ ወዝም እንዲጠራ አልተደረገም። ክፍሉ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በሴቷ ልጅ እጅ ነው። በባህል ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ሁለቱ በቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ለሦስቱም ከፖሊስ የተሰጠው ወረቀት በመስተዋት ውስጥ በበሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

ስለ ምንሽሩ ክርክር ነበር። ታላቅየው ከእይታ ይወገድ ብሎ ነበር፤ ሴቷ ልጅም ትንሽ አመንትታለች። የቀረው የጥይት ማረፊያው ሥራ በቴክኒሺያኑ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ከሁለቱ ጎን እንዲሰቀል የለመነው ታናሽየው ነው። ካርዱንም ራሱ ጻፈው። በካርዱ ላይ የጠመንጃው ዓይነት፣ አያቱ እንደማረኩት በቤተሰቡ የሚነገረው፣ ከዚያም ጠመንጃው የተበየደበት ቀን ይነበባል፤ በመጨረሻውም መስመር «የፋብሪካው ስም፣ ቁጥሩና ዓመቱ በዚህ ቀን በእኔ እጅ ጠፍተዋል» ይልና ሥሩ ላይ ስሙን ፈርሟል።